በፍሬአብ ኮምፒውተር ላይ የሚፈሉት ባዶ ፎልደሮች

ወዳጆ ዕድሜውን የፈጀው ዕቃ በመቁጠር ነው። ካዛንቺስ ከነበረ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት በጎረምሳነቱ ገብቶ፣ ፀጉሩ ገብስማ ሆኖ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ሌላ ሥራ አያውቅም። መደርደሪያው ላይ ያለውን ያውቃል፤ የጎደለውን ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ ያውቃል። ባልደረቦቹ «ወዳጆ የጠፋ ብሎን በሕልሙ ይታየዋል» እያሉ ይቀልዱበት ነበር፤ እሱም እውነት ስለሆነ አይቀየምም። ለሌላ ሰው ባዶ ሣጥን ባዶ ሣጥን ነው። ለወዳጆ ግን ውስጡ የነበረውን አንድ ሰው ወስዶታል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሰው ነው እንግዲህ በስተርጅናው ከኮምፒውተር ጋር ዓይንና ናጫ የሆነው።

ኮምፒውተሩ የልጁ የፍሬአብ ነበር። ፍሬአብ የሠርግ ቪዲዮ ይቀርጻል፣ ይቆርጣል፣ ይቀጥላል፤ ጥርና ሚያዝያ ሲመጣ እንቅልፍ የሚባል ነገር አያውቅም። ለወዳጆና ለሚስቱ ለየሻረግ አንድ ለናቱ ነው። ባለፈው ጥር ከአንድ የቢሾፍቱ ሠርግ ሲመለስ የተሳፈረባት መኪና ተገለበጠች። ሌሎቹ ተርፈዋል።

ሐዘኑ የመጣው በክፉ ጊዜ ነው፤ ለሐዘን ደግ ጊዜ ያለው ይመስል። ካዛንቺስ ከፈረሰ ወራት አልፈው፣ ሰፈርተኛው አንዱ ወደዚያ ሌላው ወደዚህ ተበትኖ፣ እነ ወዳጆም ቄራ አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይተው ገብተው ነበር። እድሩ በስም አለ፤ ድንኳኑም መጥቶ ተተከለ። ሰዎቹ ግን ታክሲ እያቀያየሩ ከሩቅ ነው የሚመጡት፤ ገና አረፍ ሳይሉ የመመለሻው ነገር ያሳስባቸዋል።

ካዛንቺስ ቢሆን ኖሮ የሻረግ እንደ ወጉ ታለቅስ ነበር። ሐዘን ቤት የገባ ሁሉ ቁጭ ይልና «እንዴት ሆነ?» ይላል። እናትየዋም ከማለዳው ትጀምራለች፤ ምን እንደለበሰ፣ ምን እንደቀመሰ፣ በር ላይ ሲደርስ ምን እንዳለ። ለመጣው ሁሉ እንደ አዲስ ትናገራለች። እየተናገረች እያለቀሰች ነገሩ ከውስጧ ይወጣል፤ ባይወጣም ትለምደዋለች። ጎረቤትም እስከ አርባው፣ ከዚያም አልፎ ሰበብ እየፈለገ ብቅ ይላል። ቄራ ላይ ግን የሻረግን ማን ያውቃታል? የግቢው ተከራዮች ክፉ አይወጣቸውም፤ «እግዚአብሔር ያጽናዎት እናቴ» ብለው ያልፋሉ። ከሩቅ የመጡት የካዛንቺስ ሴቶች ጠየቋት፤ እሷም እንደቸኮሉ አይታ አሳጠረችው። «ደህና ነበር፤ ስቆ ነው የወጣው» አለች። ከዚያ ወዲያ ዝም አለች።

ወዳጆም ዝም አለ። እሱስ ድሮም ዝምተኛ ነው። ሁለቱ ሐዘንተኞች አንድ ጣሪያ ሥር መብራት ጠፋ፣ ውሃ መጣ፣ ጨው አቀብይኝ ሲባባሉ ይውላሉ እንጂ የልጃቸውን ስም አያነሱም።

የፍሬአብ አብሮ አደግ ኢዘዲን ኦሎምፒያ አካባቢ ኮምፒውተር መጠገኛ ሱቅ አለው። ከአርባው በኋላ መጥቶ ኮምፒውተሩ እንዴት እንደሚበራ፣ እንዴት እንደሚጠፋ፣ ፎልደር የሚባሉት ቢጫ ነገሮች እንዴት እንደሚከፈቱ ለወዳጆ አሳየው። «ጋሼ፣ በቃ እንደ ሣጥን ያስቡት» አለው። ሣጥን ከሆነማ ወዳጆ ገባው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ፣ ፊቱን ታጥቦ ቁርሱን ሳይቀምስ፣ የልጁን ፎልደሮች አንድ በአንድ እየከፈተ ያያል። የሙሽሮች ስም የተጻፈባቸው አሉ። የካሜራ ሙከራ የሚል አለ፤ ፍሬአብ ራሱን ቀርጾ ምላሱን የሚያወጣበት። «እማዬ» የሚልም አለ። ካዛንቺስ ሊፈርስ በተቃረበ ሰሞን ልጁ እናቱን ማይክ ፊት አስቀምጦ ስለ ሰፈሩ ያስወራት ነበር፤ ማን ከማን ተጋባ፣ የማን ግድግዳ መቼ ተለሰነ። አስቀድሞ አዲስ ፎልደር ይከፍትና «በይ እማዬ፣ አሁን ተናገሪ፤ እዚህ ውስጥ ይቀመጥልሻል» ይላታል። አንድ ቀን ሊያስቃት ብሎ ማውሱን አስጨበጣትና ጣቷን ይዞ ራሷ እንድትከፍት አደረጋት፤ ቀኙን ተጫኝ፣ ውረጂ፣ እዚህ ጋ፣ ይኸው! የሻረግ እንደ ሕፃን አጨበጨበች። ወዳጆ ይሄን ሁሉ አይቶ፣ ምንም እንዳልጎደለ አረጋግጦ እፎይ ይላል። የእሱ ለቅሶ ይሄ ነበር።

ኅዳር ገባ ሲል አንድ ጠዋት ስሙ በእንግሊዝኛ የሆነ፣ ከዚህ በፊት አይቶት የማያውቀው ፎልደር ስክሪኑ ላይ ቁጭ ብሎ አገኘ። ከፈተው። ባዶ ነው። የግምጃ ቤት ሰው ልቡ ምን እንደሚል ታውቃላችሁ። በማግስቱ ሌላ ባዶ ፎልደር ተጨመረ። የልጁን ነገር እየበላ ያለ አንድ ተውሳክ ኮምፒውተሩ ውስጥ ገብቷል ብሎ ቆረጠና ለኢዘዲን ደወለ።

«ጋሼ፣ ቫይረስ ሊሆን ይችላል» አለ ኢዘዲን። «ማለቴ፣ በፍላሽ የሚገባ አለ። ባዶ ባዶውን ዲሊት ያድርጉት፣ በቃ። እምቢ ካለ ይዘውት ይምጡና ፎርማት እናደርገዋለን።»

«ፎርማት ምንድን ነው?»

«ኮፒ አድርገን፣ ጠርገን፣ እንደ አዲስ መጫን ነው።»

ወዳጆ ከዚህ ሁሉ የሰማው «ጠርገን» የምትለዋን ብቻ ነው። ካዛንቺስንም እንዲሁ ጠርገናት እንደ አዲስ እንጭናለን ብለው ነው ያፈረሷት፤ ሁለተኛ መጠረግ አልፈለገም። ስለዚህ ውጊያውን ራሱ ያዘው። በየጠዋቱ ባዶውን ፎልደር ፈልጎ ያጠፋል፤ በማግስቱ ሌላው ተተክቶ ይጠብቀዋል። ሶኬቱን ነቅሎ ሞከረ። ኮምፒውተሩን በአንሶላ ሸፈነው። አንድ ሰሞን እንኳ የቅዱስ ዑራኤልን ሥዕል ስክሪኑ አናት ላይ አቁሞ ነበር፤ መልአኩም ጣልቃ አልገባም። ለሚስቱ አልነገራትም። የልጅሽ ድምፅ ያለበት ዕቃ ሊበላሽ ነው ብሎ በምን አንደበቱ ይንገራት?

ሲሰለቸው የኮምፒውተሩን ሣጥን በጋቢ ጠቅልሎ ታቅፎ ሊወጣ ተነሣ። የሻረግ ከጓዳ ብቅ ብላ አየችውና ደነገጠች።

«ወዴት ነው የምትወስደው?»

«ኢዘዲን ጋ። አቧራውን ያራግፍልኝ።»

«እንዳይነካካው!» አለች። «ዛሬውኑ መልሰው ወዳጆ። ከምሳ በፊት።»

ወዳጆ ለልጇ ዕቃ ሳስታ ነው ብሎ አለፈው።

ኢዘዲን ሱቁ ውስጥ ሰክቶ ፈተሸው። ቫይረስ የለም። ወዳጆ ያጠፋቸውንም ፎልደሮች በኮምፒውተሩ መጣያ ቅርጫት ውስጥ አንድ በአንድ አያቸው፤ መቼ እንደተፈጠሩም አየ።

«ጋሼ» አለ ዞሮ፣ «ከሰዓት በኋላ ቤት ማን ይውላል?»

«እኔማ የለሁም።» ወዳጆ ምሳውን እንደበላ ወደ ካዛንቺስ ይሄዳል። ቤታቸው በነበረበት ቦታ አሁን ሰፊ የእግረኛ መንገድ ተነጥፏል፤ እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ እንደሱ የተበተኑ ሽማግሌዎች ተቀምጠው «የኛ ጓዳ እዚህ ጋ ነበር» እየተባባሉ ይውላሉ።

«እማማስ?»

ወዳጆ ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቅ አለ። «የሻረግ? እሷ ቴሌቪዥን እንኳ እኔ ካልከፈትኩላት የማትነካ ናት።»

«ሁሉም የተፈጠሩት ከምሳ በኋላ ነው። ቫይረስ ቀጠሮ አያከብርም ጋሼ፤ ሰው ነው። ደግሞ ምንም አልተወሰደብዎትም። አንዳቸውም ውስጥ ከመጀመሪያውም ምንም ገብቶ አያውቅም።»

ወዳጆ ኮምፒውተሩን ዕለቱን ቦታው መለሰው። በማግስቱ ጠዋት የተጨመረውን ፎልደር አጥፍቶ፣ ከምሳ በኋላ እንደ ልማዱ ኮፍያውን ደፍቶ ወጣ። ታክሲ መያዣው ድረስ ሄዶ ተመለሰ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበርና በገዛ ቤቱ እንደ ሌባ ተሹለክልኮ ደጃፉ ላይ ቆመ።

የሻረግ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣለች፤ ነጠላዋን አስተካክላ፣ እንግዳ ፊት እንደምትቀመጠው። በአንድ ጣቷ ቀኙን ተጫነች፣ ወረደች፤ አዲስ ቢጫ ፎልደር ብቅ አለ። ከዚያ ማይኩን አንሥታ ወደ አፏ አስጠጋች። የማይኩ ገመድ የትም አልተሰካም፤ ጫፉ መሬት ላይ ተጋድሟል።

«እንደምን ዋልክ ፍሬዬ» አለች። «የትናንቱንም ወስደህልኛል፤ ይኸው የለም። እግዜር ይስጥልኝ ልጄ።»

ወዳጆ መቃኑን ያዘ። በየጠዋቱ ቫይረስ ነው እያለ የሚያጠፋው የሚስቱን ነበር። እሷ ደግሞ ያስቀመጠችውን በማግስቱ ስታጣው፣ ልጇ እየመጣ የሚወስደው መስሏታል። የሻረግ ሞኝ ሴት አይደለችም። ሌላ እናት እንዲህ አደረገች ቢሏት ከንፈሯን መጥጣ የምታዝን ናት። ግን «እንዴት ሆነ?» የሚላት አጥታ ከርማ የሚሰማት አገኘች፤ ምን እንደሆነ አልመረመረችም።

«ዛሬ ለማንም ያልነገርኩትን ነው የምነግርህ» ብላ ቀጠለች። «ስንት ቀን ልነግርህ እልና ፈርቼ የሰው ወሬ አወራልሃለሁ። ያን ዕለት ትኩሳት ነበረብህ። ግንባርህን ነክቼሃለሁ፤ ይፋጃል። ‹እማዬ፣ ዛሬ አልችልም፣ ሌላ ልጅ ልላክ› አልከኝ። ‹ቃል ሰጥተህ የሰው ሠርግ ልታበላሽ ነው? ተነሥ› ያልኩህ እኔ ነኝ። ሸሚዝህን ያቀበልኩህ እኔ ነኝ። ሰው ሲጠይቀኝ ስቆ ወጣ አልኩ። አልሳቅክም። ጫማህን ስታስር ቀና ብለህ እንኳ አላየኸኝም።» በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «ይቅር በለኝ ፍሬዬ። ይቅር ካልከኝ እንደሌላው ውሰድልኝ።»

ወዳጆ ወደ ኋላው ሸሸና ግቢውን ጥሎ ወጣ። እግሩ ወደመራው ሄደ፤ ቄራን አልፎ የት እንደደረሰ አያውቅም። ሚስቱ አልነበረችም ያሸሸችው። ያን ዕለት ጠዋት እሱም ነቅቶ ነበር። ከመጋረጃው ወዲህ አልጋው ላይ ተጋድሞ «አልችልም» ሲል ሰምቶታል። ልጁ ይረፍ እንጂ፣ ሠርጉ ገደል ይግባ ብሎ በሆዱ አስቧል። ነገር ግን በማለዳ ከየሻረግ ጋር መጨቃጨቅ አልፈለገም፤ ብርድ ልብሱን ስቦ ወደ ግድግዳው ዞረ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚፈለግበት። ይሄንን ለማንም፣ ለነፍስ አባቱም ጭምር አልተናገረም።

በማግስቱ ጠዋት ኮምፒውተሩን ሲከፍት ፎልደሩ እንዳለ ነው። እጁ እምቢ አለው። ባዶ መሆኑን ያውቃል፤ ቢሆንም የሚስቱ እንባ ያረፈበት ነገር ነው፣ እንዴት አድርጎ ያጥፋው? ተወው። ደግ የሠራ መስሎት ነበር።

ከካዛንቺስ ሲመለስ የሻረግ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ምሳዋ እንደቀረበ ደርቋል። ኮምፒውተሩ ጋቢ ተከናንቧል።

«ወዳጆ።»

«አቤት።»

«የሞተ ሰው ይቀየማል?»

ከቀብሩ ወዲህ ስለ ልጃቸው የተነጋገሩት የመጀመሪያው ቃል ይሄ ነበር። ወዳጆ አሁን ገና ያደረገው ነገር ገባው። «ምን ማለትሽ ነው?» አለ።

«እንዲያው ነው» ብላ ተኛች።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት የሚወሩ አይደሉም። የሻረግ መብላቷን አቆመች ማለት ይቻላል። በየዕለቱ ከሰዓት በኋላ ጋቢውን ገለጥ አድርጋ ታያለች፤ ፎልደሩ እዚያው ነው፤ መልሳ ትሸፍነዋለች። ሙት ዓመቱ እየቀረበ ነበርና ወዳጆ ምን እናዘጋጅ ብሎ ቢጠይቃት «ተወው፤ በምን ፊቴ ነው የማዘክርለት» አለችው። ለምን ብሎ አልጠየቃትም፤ ያውቀዋላ።

አንድ ቀን ቆርጦ ተነሣ። ሊነግራት ነው፤ ፎልደሩ ባዶ መሆኑን፣ የሚያጠፋውም እሱ መሆኑን፣ ያን ዕለት ነቅቶ እንደነበርም። «የሹ» አለ። ቀና ብላ አየችው። ዓይኗ ጎድጉዶ፣ ፊቷ በአንድ ሳምንት ውስጥ የእናቷን መስሏል። ቢነግራት ይቅርታ የጠየቀችበት ብቻ አይደለም የሚጠፋው። ከኅዳር ጀምሮ ለልጇ ያወራችው ሁሉ፣ ወሰደልኝ ብላ ያመሰገነችው ሁሉ አብሮ ባዶ ይሆናል። «ምነው?» አለችው። «ምንም» አላት።

በማግስቱ ጠዋት፣ እሷ ሳትነሣ፣ ጋቢውን ገልጦ ኮምፒውተሩን ከፈተ። ፎልደሩን ሊያጠፋ ሲል ማሽኑ እንደ ልማዱ እርግጠኛ መሆኑን ጠየቀው። ወዳጆ በሕይወቱ ከግምጃ ቤት አንድ ብሎን አላጎደለም። «አዎ» የሚለውን ተጫነው።

ያን ዕለት ማታ ቤት ሲገባ ሚስቱን ፊቷን ታጥባ፣ ሽሮዋን ጥዳ አገኛት። አልቅሳለች፤ ልቅሶው ግን ሌላ ዓይነት ነው፣ ፊቷን አቅልሎታል። አብራው በላች፤ አጎረሰችውም።

«ለሙት ዓመቱ የካዛንቺስን ሰው በሙሉ እንጥራ» አለች። «ባሉበት ድረስ ሄጄ እነግራቸዋለሁ። ቁጭ ብለው ይስሙኝ።»

«እሺ» አለ ወዳጆ።

«ቀለለኝ ወዳጆ።»

«ምኑ?»

«እንዲያው።»

ወዳጆ ለእሷ ደስ አለው፤ ይሄ እውነት ነው። ግን የራሱ ከበፊቱ ብሶ ተጫነው። እሷ ይቅር ከተባለችበት ጠዋት እሱ ገና አልወጣም። ከእንግዲህም እኔም ሰምቼ ነበር ብሎ ሊነግራት አይችልም፤ ከየት ሰማህ፣ ምን ሰማህ ትለዋለች፤ አንዱ ከተመዘዘ ሁሉም ይተረተራል።

እሑድ ጠዋት የሻረግ ቅዳሴ ሄደች። ወዳጆ ብቻውን ቀረ። ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ፤ ለምን እንደተቀመጠ ለራሱም አላመነም። ቀኙን ተጫነ፣ ወረደ። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱን አዲስ ፎልደር ፈጠረ። ማይኩን አነሣ፤ ገመዱ አለመሰካቱን አየ፣ አልሰካውም።

«ፍሬአብ» አለ። «እኔም ነቅቼ ነበር ልጄ።»

ከዚያ አልቻለም። ዓመት ሙሉ የያዘው እንባ ነው፤ ሽማግሌ ሲያለቅስ ደግሞ አያምርበትም፤ ድምፁ እንደ ሕፃን ይሰባበራል። ዞሬ ተኛሁ አለ። እናትህን ፈርቼ አይደለም፤ ሰነፍኩ አለ። አንድ ቃል ብል ዛሬ ነበርክ አለ። ይቅር በለኝ ብሎ ስክሪኑን አየ። ቢጫው ፎልደር ዝም ብሎ ቁጭ ብሏል። ወሳጅ እንደሌለው በዚያ ቤት ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ሊተወውም አይችልም። የሻረግ ከሰዓት በኋላ መጥታ ካየችው የእኔ ነው፣ መለሰብኝ ትላለች። ቅዳሴው አብቅቷል፤ ከግቢው በር አካባቢ የሴቶች ድምፅ ይሰማል። ወዳጆ ዓይኑን በእጅጌው ጠርጎ የገዛ ቃሉን በገዛ እጁ አጠፋው።

የሻረግ ገባች፤ ጠበሉን በጠርሙስ ይዛለች። ቆም ብላ አየችው።

«ምነው ዓይንህ ቀላ?»

«የኮምፒውተሩ ብርሃን ነው» አላት።